ሲቀዘቅዝ የምትንቀጠቀጥ መኪናና «ችግር አልተገኘም» የሚል ወረቀት

ጥያቄ፦ በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምኖር ነርስ ነኝ፤ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ባለ አራት ሲሊንደር ቱርቦ መኪናዬን አዲስ ነው የገዛኋት። አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ 57,400 ማይል ሄዳለች። ብርዱ ከገባ ወዲህ ጠዋት ከሆስፒታሉ ማቆሚያ ሳስነሳት ለአንድ ደቂቃ ያህል ትንቀጠቀጣለች፤ የሞተር መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። ዲለር ወሰድኳት። ሁለት ቀን አቆይተው 195 ዶላር የምርመራ ዋጋ ተቀበሉኝና «ችግር አልተገኘም» የሚል ወረቀት ሰጡኝ። ከወረቀቱ ጋር 1,340 ዶላር የሚያወጣ «የሚመከር ሥራ» ዝርዝር አያይዘዋል። ዘይት የማስቀይረው ሌላ ጋራዥ መሆኑን ሲሰሙ ደግሞ «ዋስትናሽ ሊነካ ይችላል» አሉኝ። ተጨቃጭቄ ወጣሁ። በአራተኛው ቀን መብራቱ ተመልሶ መጣ። ገንዘቤን ላስመልስ? ሌላ ቦታ ልውሰዳት? ወይስ ዝርዝሩን ላሠራው? የወረቀቱን ፎቶ ልኬልዎታለሁ።

ምላሽ፦

እህቴ፣ ዝርዝሩን አያሠሩ። የ195 ዶላሩንም ክርክር ለጊዜው ያቆዩት፤ የማን ዕዳ እንደሆነ ገና አልታወቀም። አሁን የሚያስፈልግዎ መኪናዋን ቀዝቅዛ ባለችበት ሰዓት የሚያያት ሰውና ያየውን በትክክል የሚይዝ ወረቀት ነው። ይህንንም ቶሎ ማድረግ አለብዎት። በብዙ ፋብሪካዎች የሞተርና የካምቢዮ ዋስትና 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው፤ ቀድሞ የሞላው ያበቃዋል። የእርስዎም እንዲህ ከሆነ የቀረዎት ስድስት ወር ወይም 2,600 ማይል ነው። ቆጠራው የሚጀምረው መኪናዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠችበት ቀን እንጂ ከሞዴሏ ዓመት ስላልሆነ ቀኑን ከዋስትና መጽሐፏ ላይ ያረጋግጡ።

እኔ ራሴ ዲለር ቤት አሥራ አንድ ዓመት በመካኒክነት ሠርቻለሁ። «ችግር አልተገኘም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በእጄ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ብዙ ጊዜ እውነት ነበር፤ አልተገኘም። ተፈልጎ ነበር ወይ ከተባልኩ ግን አንገቴን እደፋለሁ።

ወረቀትዎን ደጋግሜ አየሁት። ከላይ፣ የደንበኛ አቤቱታ በሚጻፍበት መስመር፣ ያለው «ደንበኛዋ የሞተር መብራት በርቷል ትላለች» የሚል ብቻ ነው። ጠዋት የሚል ቃል የለም። ቅዝቃዜ፣ መንቀጥቀጥ፣ ብልጭ ድርግም የሚሉም የሉም። እርስዎ ይህን ሁሉ እንደነገሩት አልጠራጠርም። የተቀበለዎ ሰው ግን መካኒክ አይደለም፤ ሰርቪስ አድቫይዘር የሚሉት ነው፤ ከኋላዎ አምስት ሰው ተሰልፏል፤ የሰማውን ወደ አንድ መስመር አሳጥሮ አስገባው። መካኒኩ እርስዎን አላየም፤ ያየው ያቺን አንድ መስመር ነው።

ቀጥሎ ደግሞ የማይል ቁጥሩን ይመልከቱ። መግቢያ 57,212፣ መውጫ 57,215 ይላል። ሁለት ቀን ሙሉ ውላ አድራ የተነዳችው ሦስት ማይል ነው። ከሌሊት ፈረቃ ወጥተው በቀጥታ እንደወሰዷት እገምታለሁ። ማቆሚያው ላይ ተንቀጥቅጣ፣ መንገድ ላይ ሞቃ፣ ዲለሩ ደጃፍ ስትደርስ ጤነኛ ነበረች። መካኒኩ እጅ የገባችው ምናልባት እኩለ ቀን ላይ ነው። አስነሳት፤ እንደ ድመት ታንኮራፋለች። ኮምፒውተሩን ሰካ፣ ኮድ አገኘ፣ ኮዱን ሰረዘ፣ ዞሮ መጣ፣ ጻፈ።

ለምን አልጠበቀም ይሉኝ ይሆናል። በአብዛኞቹ ዲለሮች መካኒክ የሚከፈለው በቆየበት ሰዓት አይደለም፤ እያንዳንዱ ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚተምን መጽሐፍ አለ፤ የሚከፈለው እሱ ለዚያ ሥራ በሰጠው ሰዓት ነው። ፍሬን ቢቀይር መጽሐፉ የሰጠውን ሰዓት ይቆጠርለታል፤ ፈጥኖ ከጨረሰ ትርፉ የእሱ ነው። አልፎ አልፎ ብቅ የሚል ችግር ሲያሳድድ ቢውል ግን የሚቆጠርለት ትንሽ ነው፤ በዋስትና የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ አንዲት መኪና እስክትቀዘቅዝ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው የለም። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የቤት ኪራይ አለበት። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑለት ብዬ ሳይሆን መኪናዋ ማደር ያለባት ለምን እንደሆነ እንዲገባዎት ነው። ቆማ ስታድር ለመካኒኩ ምንም አታስወጣውም፤ መቀዝቀዙን ሌሊቱ ይሠራለታል።

እርስዎ ነርስ ስለሆኑ ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። በሽተኛው ሌሊት በስምንት ሰዓት 39 ዲግሪ ይተኩሳል፤ ሐኪሙ ጠዋት ሲመጣ 36.8 ነው። ሌሊት ያየችው ነርስ ካልጻፈችው ትኩሳቱ አልነበረም። ያልተጻፈ አልተደረገም የሚለው የሙያችሁ ደንብ ጋራዥም ውስጥ ይሠራል።

አሁን ወደ ኮዱ። ወረቀቱ ላይ ፒ 0302 ተገኝቶ ተሰርዟል ይላል። «ችግር አልተገኘም» ከሚለው ዐረፍተ ነገር ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ነው የተጻፈው፤ እኔን ያናደደኝም ይኸው ነው። ይህ ኮድ ሁለተኛው ሲሊንደር አንዳንዴ ሳያቃጥል ያልፋል ማለት ነው። እንግዲህ ችግር ተገኝቷል፤ ያልተገኘው ምክንያቱ ነው። ኮድ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም። ካንዴላው ሊሆን ይችላል፤ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል፣ ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር፣ ቫልቩ ላይ የተጋገረ ካርቦን፣ ወይም የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ አፍስሶ ሌሊቱን ውኃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው የጥቂት ዶላር ነገር ነው፤ የመጨረሻው ብዙ ሺህ ነው። (ካንዴላና ቴስታታ ማለቴን ይታገሱኝ። ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ እየተላክሁ ነው፤ ጣሊያን የተወልንን ስም እዚህ አገር የሚረዳልኝ የራሳችን ሰው ብቻ ነው።)

ኮድ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ የዚያችን ቅጽበት መረጃ አብሮ ያስቀምጣል፤ የሞተሩ ሙቀት፣ ዙሩ፣ ፍጥነቱ፣ ሁሉም በአንድ ገጽ። ሙቀቱ 38 ፋራናይት፣ ፍጥነቱ ዜሮ የሚል ገጽ ቢገኝ ኖሮ የእርስዎን ታሪክ ቃል በቃል ይመሰክር ነበር። ኮዱ ሲሰረዝ ያ ገጽም አብሮ ይጠፋል። አትሞ ከወረቀቱ ጋር ማያያዝ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።

መሰረዙ ሌላም ጣጣ አለው። ኮምፒውተሩ ራሱን የሚፈትሽባቸው ምርመራዎች ከዜሮ ይጀምራሉ፤ እነሱ እስኪሞሉ ድረስ መኪናዋ የጭስ ምርመራ ላታልፍ ትችላለች። አሌክሳንድሪያ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ግዴታ ከሆነባቸው የሰሜን ቨርጂኒያ ከተሞች አንዷ ናት። የእርስዎ ተራ ደርሶ ከሆነ ቀኑን ይዩ።

በአራተኛው ቀን የተመለሰውን ኮድ ማንም እንዳይሰርዘው። ከ1996 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ የግል የቤንዚን መኪና ሁሉ ከመሪው ሥር ኦቢዲ የሚባል መሰኪያ አለው። በሃያ ወይም በሠላሳ ዶላር የሚገዛ፣ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ማንበቢያ ይሰኩበትና ኮዱንም፣ የቅጽበቱንም ገጽ ፎቶ ያንሱት። ሥራው ማንበብ ብቻ ነው፤ «ሰርዝ» የሚለውን ቁልፍ አይንኩ።

መብራቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሳይርገበገብ ፀንቶ የሚበራ መብራት «ጊዜ ሲኖርሽ አሳዪኝ» ይላል። ብልጭ ድርግም የሚል ግን «አሁን» ይላል። ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማጣሪያው ይወርዳል፤ እዚያ ይነዳል፤ ማጣሪያውን ሊያቀልጠው ይችላል። እስኪቆም ድረስ ከማቆሚያው አይውጡ። መንገድ ላይ ከጀመረም ነዳጅ መርገጡን ቀነስ አድርገው ጥግ ይያዙ። ማጣሪያው ከተጎዳ ሌላ ዋስትና አለ፦ የፌዴራሉ የጭስ ዋስትና ማጣሪያውንና የሞተሩን ኮምፒውተር እስከ 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል ይሸፍናል። ዲለሮች ሳይጠየቁ ሲያነሱት ብዙም አልሰማሁም።

የ1,340 ዶላሩ ዝርዝር አራት ነገር ነው። የኢንጀክተር ማጽጃ፣ የአየር መግቢያ ማጽጃ፣ የፍሬን ዘይት መቀየር፣ ካንዴላ መቀየር። የእርስዎ ሞተር ቤንዚኑን የሚረጨው በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ከሆነ (አብዛኞቹ አዳዲስ ባለ ቱርቦዎች እንደዚያ ናቸው) ከነዳጅ ጋር የሚደባለቅ ማጽጃ የአየር ማስገቢያ ቫልቩን አይነካውም፤ ነዳጁ በዚያ በኩል አያልፍማ። የፍሬን ዘይቱ ጊዜው ደርሶ እንደሆነ የመኪናዋ መጽሐፍ ይነግርዎታል፤ ከመንቀጥቀጡ ጋር ግን ምንም አያገናኘውም። ካንዴላውን በተለይ አሁን አያስቀይሩ። ያ የሁለተኛው ሲሊንደር ካንዴላ ማስረጃ ነው። መካኒክ አውጥቶ ሲያየው ከሌሎቹ ሦስቱ ይልቅ ታጥቦ የነጣ ከሆነ ውኃ አለ፤ በቤንዚን ረጥቦ ከጠቆረ ሌላ ነገር አለ። ተቀይሮ ቆሻሻ ከተጣለ ምስክሩ አብሮ ሄደ።

ዘይት ሌላ ጋራዥ በማስቀየርዎ ዋስትናዎ አልተነካም። በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ የዋስትና ሕግ፣ ፋብሪካ ሥራውን ወይም ዕቃውን በነጻ ካልሰጠ በቀር የእሱን ጋራዥ ወይም የእሱን ዕቃ ብቻ ተጠቀሙ ብሎ ዋስትናን በዚያ ላይ እንዳያስር ይከለክለዋል። ሊከለክልዎ የሚችለው ጉዳቱን ያመጣው ያ ሥራ መሆኑን ሲያሳይ ነው። ስለዚህ ደረሰኞችዎን ሰብስቡ፤ ቀኑ፣ ማይሉ፣ የዘይቱ ዓይነት ያለባቸውን። ዘይት የሚቀይርልዎ የእኛው ሰው ሆኖ «ለአንቺ ምን ደረሰኝ ያስፈልግሻል» የሚል ከሆነ ዛሬውኑ ሄደው ከመዝገቡ ያስጽፉት። አገር ልጅነቱ ደስ ይላል፤ ፋብሪካው ፊት ግን አይመሰክርልዎም። በነገራችን ላይ «ሊነካ ይችላል» ያለዎት ሰው ይህን በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ቢጠይቁት አይሰጥዎትም።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ዋስትናው የፋብሪካው እንጂ የሸጠልዎ ዲለር አይደለም። ያንኑ ምርት የሚሸጥ ማንኛውም ሕጋዊ ዲለር ሊቀበልዎ ይገባል። ከተጨቃጨቁበት ሰው ጋር ተመልሰው መፋጠጥ ካስጠላዎት ሌላ ዲለር ይሂዱ። እኔ ግን አንድ ዕድል ለዚያው ቤት ብሰጥ እመርጣለሁ፤ ኮዱን አግኝቶ የሰረዘው እሱ ስለሆነ ሁለተኛው ወረቀት ከመጀመሪያው ጋር ሲደረደር ክብደት አለው። አድቫይዘሩን ሳይሆን ሰርቪስ ማናጀሩን በስልክ ያግኙ። ስለ ጭቅጭቁ አያንሱ። ይህን ጽፈው ይላኩለት፣ በእንግሊዝኛ፣ በራስዎ አነጋገር፤ ወረቀቱም ላይ እንዳለ እንዲገባ ይጠይቁ፦

«መኪናዋ ከስምንት ሰዓት በላይ ቆማ ስትነሳ በመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ከሞቀች በኋላ ችግሩ አይታይም። ባለፈው ምርመራ ፒ 0302 ተገኝቶ ተሰርዟል፤ በአራተኛው ቀን ተመልሷል። ቪዲዮና የኮዱ ፎቶ አለኝ። መኪናዋ እናንተ ዘንድ አድራ ጠዋት በቴክኒሻኑ ፊት፣ ኮምፒውተሩ ተሰክቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ትነሳ። ምክንያቱ ሳይታወቅ ኮዱ አይሰረዝ።»

ቪዲዮው አርባ ሰኮንድ ይበቃዋል። ከማስነሳትዎ በፊት ይጀምሩ፤ ዳሽቦርዱ ላይ የውጭውን ሙቀትና የማይሉን ቁጥር ያሳዩ፤ ያስነሱ፤ የዙር ቆጣሪው መርፌ ሲዘልል፣ መብራቱ ሲርገበገብ፣ ድምፁ ሲሰማ ይቅረጹ። ሁለት ጠዋት ከቀረጹ ይበልጥ ጥሩ።

መኪናዋን ከሰዓት በኋላ አስገብተው ትደር። አንድ የውስጥ አዋቂ ነገር ልጨምር። በየዲለሩ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ የሚገባ መኪና የሚያዘዋውር ልጅ አለ። ቦታ ለማስለቀቅ ሁሉንም እያስነሳ ያሸጋሽጋል። መካኒኩ ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ የቀዘቀዘችው መኪና ከግማሽ ሰዓት በፊት ተነስታ ሞቃለች፤ ያ ልጅም መንቀጥቀጧን ለማንም አይናገርም፤ ሥራው አይደለማ። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት! ስለዚህ በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ በትልቁ «ከቴክኒሻኑ በቀር ማንም አያስነሳት» የሚል ጽፈው መሪው ላይ ይለጥፉ፤ መንገድ የማትዘጋበት ጥግ እንድትቆምም ይጠይቁ። መኪናዋን የሚያያት ዋናው ቴክኒሻን ወይም የመካኒኮቹ አለቃ እንዲሆን ማናጀሩን ቢጠይቁት ነውር የለውም። ተመልሶ የመጣ መኪና ብዙ ጊዜ ለእነሱ ነው የሚሰጠው።

እዚያ ጠዋት ምን እንደሚደረግ በአንድ ምሳሌ ላሳይዎ። አንድ ክረምት እንደ እርስዎ ያለች መኪና ሦስተኛ ጊዜ ተመልሳ መጣች። ማታ ከመሄዴ በፊት የማቀዝቀዣውን ሥርዓት በእጅ ፓምፕ ግፊት ሞልቼ፣ መለኪያውን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስገባ የመለኪያው መርፌ ወርዷል፤ ወለሉ ላይ ግን ጠብታ የለም። የሦስተኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ፈትቼ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ገመድ አስገባሁ። ፒስተኑ አናት ላይ አረንጓዴ ኩሬ ተኝቷል፣ ማንኪያ የማይሞላ። ሁለት መካኒክ «ችግር የለባትም» ብሎ የመለሳት መኪና ነበረች፤ ከሁለቱ አንዱ እኔ ነበርኩ።

የእርስዎ ይህ ነው ማለቴ አይደለም። ኮይል ከሆነ ይልቅ ቀላል ነው፤ የሁለተኛውን ኮይል ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር ያዛውሩታል፤ በማግስቱ ኮዱ 0303 ሆኖ ከመጣ ጥፋተኛው ከነኮቱ ተያዘ። 0302 ሆኖ ከቀረ ኮይሉ ንጹሕ ነው፤ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ደህና ምርመራ ማለት ይኸው ነው፤ አንዱን አንቀሳቅሶ ሌላውን ማየት። ዕቃ እየቀየሩ መሞከር ምርመራ አይደለም፤ በደንበኛ ገንዘብ ሎተሪ መቁረጥ ነው።

የ195 ዶላሩ ነገር እዚህ ላይ ይፈታል። ብልሽቱ ዋስትና የሚሸፍነው ዕቃ ላይ ከሆነ ምርመራውም ብዙ ጊዜ በዋስትናው ይታሰባል፤ ገንዘብዎም ሊመለስ ይገባል። የቴስታታ ጓርኒሲዮንና የሞተሩ ውስጥ ነገር በሞተር ዋስትና ይገባል። ካንዴላ የጥገና ዕቃ ነው፤ አይገባም። ኮይል ደግሞ በብዙ ፋብሪካዎች የሚሸፈነው 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ላይ በሚያበቃው አጠቃላይ ዋስትና ስለሆነ ኮይል ሆኖ ከተገኘ እርስዎ ይከፍላሉ፤ የዋስትና መጽሐፉን ገልጠው ያረጋግጡ። ስለዚህ ለማናጀሩ አሁን የሚሉት «ብሬን መልስ» ሳይሆን «ምክንያቱ የዋስትና ዕቃ ከሆነ 195 ዶላሩ እንደሚመለስ፣ ካልሆነም ለጥገናው እንደሚታሰብልኝ ጻፍልኝ» ነው። ይህን የሚከለክል ማናጀር ብዙም አላጋጠመኝም። ያለ ምንም ውጤት የተከፈለ ምርመራ ሁለተኛ ጊዜ እንዲያስከፍሉዎት ግን አይፍቀዱ፤ አቤቱታው ያው ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ከ25 ዶላር በላይ ለሚያስከፍል ጥገና ደንበኛው ከጠየቀ ጋራዡ ግምቱን አስቀድሞ በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ያለ ፈቃድዎም ከግምቱ ከ10 በመቶ በላይ መጨመር አይችልም። መጠየቁ የእርስዎ ነውና ይጠይቁ።

ከመሄድዎ በፊት ሌላ ትንሽ ሥራ። የሻንሲ ቁጥሯን፣ ያቺን ባለ 17 ፊደልና አኃዝ፣ በፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት (NHTSA) ድረ ገጽ ላይ ያስገቡ። ፋብሪካው በጉድለት ምክንያት መኪናዎችን መልሶ ጠርቶ የሚሠራው ጥገና (ሪኮል) ካለባት ያወጣዋል፤ እሱ በነጻ ነው የሚሠራው። እዚያው ፋብሪካው ለዲለሮቹ የላካቸው የቴክኒክ ማስታወቂያዎችም ይገኛሉ። «ሲቀዘቅዝ ይንቀጠቀጣል» የሚል ለእርስዎ ሞዴል የወጣ ካገኙ ቁጥሩን ጽፈው ይዘው ይሂዱ። ማስታወቂያው ብቻውን ነጻ ጥገና አይሰጥዎትም፤ ነገር ግን «የለም» ያለዎትን ሰው ድምፅ ዝቅ ያደርገዋል።

ሁለተኛውም ጉዞ በባዶ ከመለሰዎት ወደ ፋብሪካው የደንበኞች መስመር ይደውሉ፣ የጉዳይ ቁጥር ያስከፍቱ፣ ሁለቱን ወረቀቶችና ቪዲዮውን ያያይዙ። ከዚያ በኋላ ዲለሩ መልስ የሚሰጠው ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ለፋብሪካውም ነው። ዋስትናው ቢያበቃም አቤቱታዎ ከ60,000 ማይል በፊት መጀመሩን እነዚያ ወረቀቶች ያሳያሉ፤ የተቸኮለውም ለዚሁ ነው። ከጉብኝትዎ በኋላ የሚላክልዎትን የእርካታ መጠይቅም ጉዳዩ እስኪያልቅ አይሙሉት። ዲለሮች ከፋብሪካው ዘንድ የሚለኩት በእሱ ስለሆነ ከማንኛውም ስድብ ይበልጥ ይፈሩታል፤ አንዴ ከሞሉት ግን አለቀ።

ሰዎች «ሌመን ሎው ጥቀሺባቸው» ይሉዎት ይሆናል፤ ጉድለት ያለበት አዲስ መኪና የገዛን ሰው የሚጠብቀውን ሕግ ማለታቸው ነው። የቨርጂኒያው ሕግ የሚመለከተው መኪናው ለገዢው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ያሉትን 18 ወራት ነው፤ የእርስዎ አልፏል። ቢያነሱት ሕጉን እንደማያውቁት ብቻ ይገባቸዋል። የቪርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤቱታ ይቀበላል፤ ፋብሪካውም እምቢ ካለ እዚያ መጻፍ ይቻላል። አሁን ግን ገና ነው።

«ሌላ ቦታ ልውሰዳት?» ላሉት፣ እኔም አሁን የራሴ ጋራዥ ስላለኝ ጥቅም ያለኝ ሰው መሆኔን እያሰቡ ይስሙኝ። አድራ በቅዝቃዜዋ አይቼ፣ ያየሁትን ጽፌ፣ ፎቶ አያይዤ ልሰጥዎ እችላለሁ፤ ያ ወረቀት ዲለሩ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል። ሞተሩን ልፍታው ካልኩዎት ግን እምቢ ይበሉኝ። ዋስትና ያለበትን ሞተር ሌላ ሰው ከፈታው «ማን ነካው» የሚል አዲስ ክርክር ይከፈታል፤ ለእሱ ደግሞ ቪዲዮ የለንም።

ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ፈረቃዎ ሲያልቅ፣ ከማስነሳትዎ በፊት፣ ኮፈኑን ከፍተው የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ያለበትን ፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ይፈልጉ። ክዳኑን አይክፈቱ፤ ከውጭ ይታያል። ፈሳሹ የደረሰበት ላይ በጠቋሚ እስክሪብቶ መስመር ያስምሩ፣ ቀኑን ይጻፉበት። በአምስተኛው ጠዋት፣ እንደዚያው ቀዝቅዛ ሳለች፣ ከመስመሩ ወርዶ እንደሆነ አይተው ይጻፉልኝ። ከወረደ ከዲለሩ ጋር የምናወራው ስለ ኮይል አይሆንም።